ቃሌን ይመልሱልኝ

ቢቸና ውስጥ ድንበር የተገፋበት፣ ውርስ የተከለከለ፣ ባሏ ጥሏት ሄዶ ንብረት የቀረባት፣ ማንም ይሁን ማን ሽማግሌ ፊት ከመቆሙ በፊት የወይዘሮ አየሁሽ መንግስቴን ደጃፍ ሳይረግጥ አያልፍም። ይህን የማያውቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ነገር የለበትም፤ ነገር የሌለበት ሰው ደግሞ እኛ አገር ገና አልተወለደም። አየሁሽ ሕግ አልተማረችም፤ የጥብቅና ፈቃድም የላትም። ስትናገር ግን ነገረኛው ሁሉ አፉን ይዞ ያዳምጣል። ጎረቤቷ ሀብትነሽ ባሏ በሞተ ጊዜ የባሏ ወንድሞች መሬቷን ሊቀሟት ተነሥተው ነበር። አየሁሽ ነች አብራት የቆመች። ሲረቱ ይግባኝ፣ ደግሞ ሲረቱ ይግባኝ እያለች፣ በመጨረሻ መሬቱን ከነአጥሩ አስመለሰችላት።

ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። መንግስቴ የታወቁ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው የተቀመጡበት ሽምግልና አንድ የማይታለፍ ሥርዓት ነበረው፤ ከሳሹ ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌው ከመፍረዱ በፊት ቃሉን ይመልስለታል። «እንዲህና እንዲህ አልህ፤ ብለሃል?» ይለዋል። ከሳሹ «ብያለሁ» ካለ ነገሩ ይቀጥላል። «አላልሁም» ካለ ሽማግሌው እንደገና ይሰማል እንጂ ወደ ፍርድ አይሄድም። «ቃል ሳይመልስ የሚፈርድ ዳኛ የሚፈርደው በገዛ ግምቱ ነው» ይሉ ነበር። አየሁሽ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ይህን እየሰማች ነው ያደገች።

እንግዲህ ይህች ሴት፣ አፏን ስትከፍት አገር የሚሰማላት ሴት፣ ሐኪም ቤት ስትገባ ዲዳ ሆነች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሆነች። እኔም ራሴ ስሰማ አላመንሁም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። አየሁሽ ስድሳ ሊሞላት የቀራት ጥቂት ነው። የወር አበባ ከተዋት ዓመታት አልፈዋል። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቆራቢ ሆና፣ ጾሟን ጾማ፣ ሥጋ ወደሙ እየተቀበለች ነበር የምትኖረው። አንድ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ስትነሣ ደም አየች። መጀመሪያ ዓይኗ የዋሻት መሰላት። ታጠበች፣ ልብስ ቀየረች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደም ያላት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ሥርዓት ነው፣ አልተከራከረችውም። በሚቀጥለው እሑድም ደሙ አለ። ቆመ ስትል ይመጣል፣ መጣ ስትል ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ግንቡን ተጠግታ ቆማ ማስቀደስ ጀመረች።

ቢቸና ትንሽ ከተማ ነች። ቆራቢ ሴት ከቁርባን ስትቀር ወሬው ከቅዳሴው ቀድሞ ይወጣል። አንዱ ከመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋር ተጣልታ ነው አለ። ሌላው፣ ምላሱን ይቁረጠውና፣ በእርጅናዋ ወንድ ለምዳ ነው አለ። መሪጌታ ራሳቸው ጨንቋቸው ከግንቡ አጠገብ መጥተው «ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። «ኧረ መሪጌታ፣ እርስዎ ምን ይበድሉኛል፤ ደህና ነኝ» አለቻቸው። ይህን ያህል ነው የተናገረችው። ለሰው ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች የምትመክረው እሷው ነበረች።

ሰንብቶ ሕመም ተጨመረበት። ከእምብርቷ በታች፣ ከወገቧ ዙሮ ይዟት፣ አንዳንዴ ቁና ቁና ያስተነፍሳታል። ይህን ነው እንግዲህ ልጇ ያየ።

ልጇ ምንይሉ የሒሳብ መምህር ነው፤ ደግ ልጅ ነው። ለሁሉ እንደ እሱ ያለ ልጅ ይስጠው፣ ችግሩም ይኸው ደግነቱ ነው። እናቱ ወገቧን ስትይዝ ባየ ጊዜ ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም። ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ፣ ባጃጅ ጠርቶ፣ ደግፎ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ምን ይሠራል፣ ሁሉም ያው ነው።

እኛ ዘንድ በሽተኛ አይናገርም። በሽተኛ ይቀመጣል፣ አስታማሚ ይናገራል። የታመመው ሰው ራሱ ሕመሙን መዘርዘር ከጀመረ «ምን እንዲህ ያንሰፈስፈዋል» ይባላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ከነጭራሹ አታንሡት። ስለዚህ አየሁሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና ተቀመጠች፤ ምንይሉ ቆመ። ሐኪሙ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «እሺ፣ ምን ሆና ነው?» አለ።

«ሆዷን ያማታል» አለ ምንይሉ። «ምግብ የሚስማማት አይመስለኝም። በርበሬ ታበዛለች፤ ደግሞ ጾም አታፈርስም።»

«እናቴ፣ እንዴት ነዎት ታዲያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምግብ ይበላሉ?»

«ተመስገን።»

«እንቅልፍስ?»

«ተመስገን፣ እሱ ምን ይሳነዋል።»

ይህ የአገራችን ሰላምታ ነው። ጎጃሜ ቤቱ ተቃጥሎበት እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት መጀመሪያ አምላኩን ያመሰግናል፤ ስለ ቃጠሎው የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ያንን የኋላውን አልጠበቀም። ጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈና በሩ ላይ ለቆመው ሰው «ቀጣይ» አለ።

መድኃኒቱን ዋጠች፤ አልተሻላትም። ምንይሉ እንደገና ወሰዳት። ሌላ ሐኪም ነበር፣ የፊተኛውን ወረቀት አይቶ ያንኑ መድኃኒት ጠንከር አድርጎ አዘዘላት። ሦስተኛ ሲሄዱ «ዕድሜም አለ እኮ እናቴ» ተብላ ቫይታሚን ተሰጣት። በየጊዜው ልትናገር አስባ ነበር፤ በየጊዜው ቀና ስትል ምንይሉን ታያለች። በልጇ ፊት ደም የሚለውን ቃል ከአፏ ልታወጣ? እንዴት ተደርጎ። ውጣልኝ እንዳትለው ደግሞ እንዲያ ሲንከባከባት ኖሮ ምን በደልኋት ይላል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። የሚነቅዘው ግን ከውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይታይም።

አየሁሽ መጨረሻውን ታውቀው ነበር። አገሬ የምትባል ታላቅ እህት ነበረቻት። አገሬ ስትታመም በየሐኪም ቤቱ የተናገረላት ባሏ ነው፤ ቁርጠት ነው ይል ነበር፣ ሐኪሞቹም የቁርጠት መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ልብሷን የሚያጥቡት ሴቶች ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዷ አየሁሽ ነበረች። ሁሉም በሹክሹክታ ተነጋገሩበት፣ ሐኪም ግን አልሰማም፣ የነገረው ስለሌለ። አገሬ በቁርጠት ሞተች ተባለ። አየሁሽ ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች ያለቀሰችው ለእህቷ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ራሷ ዝምታም ነበር። አሁን ልብሷን ብቻዋን እየደበቀች ስታጥብ ቀጣይዋ እኔ ነኝ ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን የአንዲት ሴት የውርስ ነገር ይዛ ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። ነገሩን ከመሠረቱ አንሥታ እያወረደች ሳለ ዓይኗ ጨለመባት። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጧት፤ ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሰዉ ሲበተን አንዱ ሽማግሌ ለሌላው «አይ አየሁሽ፣ አረጀች» ሲል ሰማችው። ይህች ቃል ከሕመሙ በላይ አንገበገበቻት።

ሀብትነሽ ደግፋ ቤቷ አደረሰቻት። በሩን ዘጋችና «እስቲ አሁን ንገሪኝ፤ ከመሪጌታ ጋር አልተጣላሽም፣ አውቃለሁ» አለቻት።

አየሁሽ ነገረቻት። ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻት። ሀብትነሽ እያለቀሰች ሰማችና እንባዋን ጠርጋ «ለሐኪሙ ይህን ነግረሽዋል?» አለች።

«ለእኔ የሚናገርልኝ ምንይሉ ነው።»

«ምንይሉ ያውቃል?»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

ሀብትነሽ ያን ጊዜ ተናደደች፤ ስትናደድ ደግሞ ለማንም አትመለስም። «መሬቴን ሊቀሙኝ ሲሉ እኔ አፍሬ ዝም ልበል ብዬሽ ነበር። አንቺ ምን አልሽኝ? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም አላልሽኝም? ገላሽ ከእኔ መሬት ያንሳል? ሐኪም አልሰማኝም ብለሽ ተረትቼ ቀረሁ ልትይ ነው? አንቺ መቼ ነው በአንድ ፍርድ ተረትተሽ የገባሽ? ይግባኝ በይ እንጂ።»

ይግባኝ የምትለዋን ቃል ለአየሁሽ መንገር ለፈረስ ሜዳ ማሳየት ነው። ለራሷ ይግባኝ ማለት እንደምትችል ግን እስከዚያች ሰዓት አስባው አታውቅም። ማታውን ልጇን ጠርታ «ሞጣ ውሰደኝ» አለችው። ሞጣ አንድ ሐኪም ቤት ዶክተር እዮብ የሚባል ወጣት ሐኪም መኖሩን ሰምታለች፤ እጁ ፈዋሽ ነው ግን ሲበዛ ቸኳይ ነው ይሉታል።

«እናቴ፣ ለጨጓራ እስከ ሞጣ?»

«ውሰደኝ አልሁ።»

መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲዘጋ ሲከፈት ነበር የሰነበተው። ክፍት በሆነ ቀን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ አየሁሽ በመስኮቱ ወደ ማርያም ዞራ አማተበች። ምንይሉ ብርድ እንዳይመታት ጋቢውን አለበሳት፤ ብርቱካን ልጦ ሰጣት። እሷ ግን በልቧ ነገሯን እያሰናዳች ነበር። የሌላ ሰው ነገር ቢሆን መግቢያውንም መውጫውንም ታውቀዋለች፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚመታ። የራሷ ሲሆን መግቢያው ጠፋባት። ብርቱካኑን በእጇ እንደያዘች ሞጣ ደረሱ።

ሐኪም ቤቱ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበታል። ነርሷ ሲስተር ስርጉት ከበሩ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ገብቶ ገና ወንበሩ ሳይሞቅለት ይወጣል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ዶክተር እዮብ ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ያየ ሰው አይመስልም። ምንይሉ እንደ ልማዱ ቆመና የፊተኞቹን ወረቀቶች ዘረጋ። «የጨጓራ ሕመምተኛ ነች፣ ዶክተር። መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር፣ አልተሻላትም።»

«እሺ» አለ ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ። «ይህንን ጨርሳዋለች?»

«ምንይሉ» አለች አየሁሽ።

«አቤት፣ እናቴ።»

«ውጣ።»

«ወዴት?»

«ውጭ ጠብቀኝ። በሩንም ዝጋው።»

ምንይሉ ሐኪሙን አየ፣ እናቱን አየ። «እኔ ካልነገርኋቸው ማን ሊነግርልሽ ነው?»

«አፍ አለኝ» አለችው። እንዲህ ባለ ቃል ተናግራው አታውቅም። ፊቱ ቀልቶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ተመለስ ብላ አልጠራችውም።

ከዚያ ከወንበሩ ተነሣች። «ይቀመጡ እንጂ እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ቆሜ ነው የምናገረው፣ ልማዴ ነው» አለችው። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እምቢ አለ። የስንቱን ነገረኛ አፍ ያዘጋች ሴት፣ ልጇ ከሚሆን ሐኪም ፊት መግቢያው ጠፋባት። ሐኪሙ ሰዓቱን ተመለከተ። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ መጣላት፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ለሌላ ሰው ቆማ መናገር።

«አንዲት ሴት አለች፣ ዶክተር» ብላ ጀመረች። «ስድሳ ሊሞላት ነው። የወር አበባዋ ከተዋት ዓመታት ሆኖታል። ከጾሙ በፊት ደም ጀመራት። ይሄዳል ይመጣል እንጂ አልተዋትም። በኋላ ከእምብርቷ በታች ያማት ጀመር። ሰውነቷ አለቀ፤ ቆማ ስትናገር ዓይኗ ይጨልማል። እህቷ እንዲህ ሆና ሞታለች። ሐኪም ቤት ተመላልሳለች፣ ነገር ግን ስለ ደሙ የነገረ የለም፣ የጠየቀም የለም።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «የት ነው ያለችው? ለምን አላመጧትም?»

«አምጥቻታለሁ። እኔ ነኝ።»

አለችው። ከአፏ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ጉልበቷ እንኳ የጠና መሰላት።

ጉዳዩ እዚህ ያበቃ መስሏችሁ እንደሆነ ሐኪም ቤት አታውቁም። የሐኪሙ ስልክ ጠራ፤ ሲስተር ስርጉት በሩን ከፍታ ሌላ ወረቀት አስፈረመችው፤ ከኮሪደሩ ሕፃን ያለቅሳል። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ እጁ ቀድሞ መጻፍ ጀመረ። «እሺ እናቴ፣ ለጨጓራው ይህን እቀይርልዎታለሁ፤ ትንሽ ደም ማነስም ሳይኖርብዎ አይቀርም...»

«ዶክተር፣ ቃሌን ይመልሱልኝ።»

«ምን አሉ?»

«የነገርሁዎትን መልሰው ይንገሩኝ። ከዚያ ይፈርዳሉ።»

«እናቴ፣ ውጭ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ አይተዋል?»

«አይቻለሁ። የእነሱም ቃል እንዲመለስላቸው እወዳለሁ። አሁን ግን ተራው የእኔ ነው።»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። ቁጡ ቢሆን ኖሮ ያባርራት ነበር፤ ይህ ግን ድካም እንጂ ክፋት አልነበረበትም። «መልካም» አለ። «ሆድዎን ያምዎታል። በጨጓራ መድኃኒት አልተሻለዎትም። አሁን ደግሞ ትንሽ ደም...»

«አላልሁም።»

«ምኑን?»

«ትንሽ አላልሁም። ጨጓራም አላልሁም። ጨጓራ ነው ያለው ልጄ ነው፤ እሱ ደግሞ አያውቅም። ሕመሙን ማወቅ የእርስዎ ሙያ ነው፣ እሱን አልነካብዎትም። የታመምሁት ግን እኔ ነኝ። እንደገና ይስሙኝ።»

እንደገና ነገረችው። በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት አላለችም፤ እኔ እያለች ነው የነገረችው። ሐኪሙም በዝግታ፣ ቃሉን እየመዘነ መለሰላት። «የወር አበባዎ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ጀመረዎት። እየመጣ ይሄዳል። ከእምብርትዎ በታች ያምዎታል። ከስተዋል፣ ያዞርዎታል። እህትዎ በዚህ ሞተዋል። ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰው ከገዛ አፉ የወጣውን አልሰማሁም ሊል አይችልም። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ድምፁን አጠፋው። የፊተኞቹን ወረቀቶች አጣጥፎ ወደ ጎን ገፋቸውና የሚጠይቀውን መጠየቅ ጀመረ፤ ስንት እንደወለደች፣ ደሙ ምን እንደሚመስል፣ ሕመሙ መቼ እንደሚብስ። ሲስተር ስርጉትን ጠራ፤ መጋረጃው ተዘጋ፣ ተመረመረች፤ አልትራሳውንድ ወደሚነሡበት ክፍልም ተወስዳ ተመለሰች። ስትመለስ የሐኪሙ ፊት ተለዋውጧል። «ልጅዎን ይጥሩልኝ እስቲ» አለ። «ለእሱ ላስረዳው።»

ይህች ደግሞ የሐኪሞች ልማድ ነች። ክፉ ወሬ ሲሆን ባለቤቱን ትተው ዘመድ ይፈልጋሉ፤ ለደግነት ብለው ነው፣ እንደ ምንይሉ። አየሁሽ ግን ለዛሬ ደግነት በቅቷት ነበር።

«የታመምሁት እኔ፣ የሚነገረው ልጄ?» አለች። «በእኔ ላይ የተፈረደ ፍርድ እኔ ሳልሰማው ለሌላ ሰው አይነበብም። መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ። ለልጄ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «የማህፀን ካንሰር ሊሆን ይችላል» አለ። «ነው አላልሁም፣ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ሄደው ናሙና ሲወሰድ ነው የሚታወቀው። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ጥገና ይወጣል። ካደረ ግን ይሰራጫል። ዛሬ ነገ የሚባል ነገር አይደለም።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች። አገሬ በዓይኗ መጣችባት። ፈራች፤ አየሁሽ አልፈራችም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አጎንብሳ አልቀረችም። ጣቷን እያነሣች የእሱን ቃል በተራዋ መለሰችለት። «ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ነው አላሉም። ባሕር ዳር ሄጄ ናሙና እሰጣለሁ። በጊዜ ከሆነ ይወጣል። ካደረ ይሰራጫል። ብለዋል?»

«ብያለሁ» አለ ሐኪሙ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ፣ ለራሱ ጉዳይ ሳይሆን ለእሷ፣ ባሕር ዳር ለሚያውቀው የማህፀን ሐኪም ደወለና ቀጠሮ አስያዘላት። ወረቀቱን ሲሰጣት «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት።

«የሰው ነገር እናገራለሁ» አለች። «ዛሬ ገና የራሴን ተናገርሁ።»

ምንይሉ ከውጭ አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ለሐኪም መናገር ከባድ ነው ብላ ነበር፤ ይህኛው ባሰ። ሰው በፊታቸው ይተላለፋል። የልጇን ዓይን እያየች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ደም የሚለውንም ቃል አወጣችው። ሰማይ አልተደፋም። ምንይሉ እያለቀሰ «ጨጓራ ነው ብዬ ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ የማታውቀውን ተናገርህ» አለችው። «እኔ የማውቀውን ዝም አልሁ። የእኔ ይብሳል። ይልቅ ተነሥ፣ መኪና ሳይሞላ።»

ባሕር ዳር ሄደች። ናሙናው ካንሰር ነው አለ። ግን ገና ከቦታው አልወጣም ነበር፤ ቀዶ ጥገና ያደረጉላት ሐኪሞች ሥሩን ነቅለነዋል፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አሏት። እዚያም ቢሆን አንድም መርፌ ምን እንደሆነ ሳይነገራት ክንዷን አልሰጠችም። ወጣት ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት አልጋዋን ሲከቡ እሷ ቃላቸውን ትመልስላቸዋለች፣ እነሱም የእሷን። ስትወጣ በር ድረስ ነው የሸኟት።

ቢቸና ስትመለስ ቤቷ በጠያቂ ሞላ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ የሚል ጎረቤት፣ ነገሯን ያሸነፈችላቸው ሴቶች፣ አረጀች ያለው ሽማግሌ ሳይቀር መጡ። ሀብትነሽ ከራስጌዋ አልለይ ብላ ተቀምጣለች። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስም ሚስታቸውን ወይዘሮ ወለተ ሐናን አስከትለው መጥተው ጸሎት አደረሱ። ሰዉ ተጫውቶ ተጫውቶ ሲያበቃ ሽማግሌው ወደ ምንይሉ ዘንበል ብሎ «እንዲያው ለመሆኑ ምን ነበር ያመማት? ጨጓራ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለው።

ሁሉም ሊሰማ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ምንይሉ ወደ እናቱ ዞረ። «ጨጓራ አልነበረም» አለ። «ምን እንደነበር እናቴ ትንገራችሁ።»

ነገረቻቸው። ቁስሏ ገና ስለነበረ ሳትቆም፣ ትራሱን ተደግፋ ነው የተናገረች። ስለ ደሙ፣ ከቁርባን ስለቀረችበት ምክንያት፣ ስለ አገሬ፣ ስለ ካንሰሩ፣ አንዱንም አላስቀረችም። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አየሁሽ ግን ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ለዚህ የበቃሁት ስለተናገርሁ ነው፣ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የመጣችሁት ለተዝካሬ ነበር አለቻቸው።

ከዚያ ከሴቶቹ መካከል፣ ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ወለተ ሐና «አየሁሽ» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ነው። «የእኔም እንዲያው ነው።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። መሪጌታ፣ እኚያ ጉባኤ ላይ ሲቆሙ አገር የሚያደምጣቸው ሰው፣ ደነገጡ። «ኧረ እሷ እንኳ ብርድ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። «ወገቧን ትንሽ ያዝ ያደርጋታል፣ ደግሞ ሥራ ታበዛለች፣ እኔ...»

አየሁሽ እጇን አነሣች። «ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፤ እሷ ትናገር።»

ወለተ ሐና ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና መናገር ጀመረች።